እንፋሎቱ የት ይቀዝቅዝ?

አንድ ሊትር የሜፕል ሽሮፕ ለማግኘት 43 ሊትር ያህል የዛፍ ጭማቂ መፍላት አለበት። ጭማቂው ከዛፉ ሲንጠባጠብ ለዓይንም ለምላስም ውሃ ነው፤ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ የሆነውን ስኳሩን ለመለየት ረጋ ብሎ መቅመስ ይጠይቃል። ሽሮፕ የሚባለው ግን ስኳሩ ከመቶ 66 ወይም 67 እጅ ሲደርስ ነው። ባለሙያዎቹ ቀላል ስሌት አላቸው፤ 86ን ለጭማቂው የስኳር መጠን ያካፍሉና ለአንድ እጅ ሽሮፕ ስንት እጅ ጭማቂ እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ። ለ2 ሲካፈል 43 ይመጣል። 42 ሊትሩ ውሃ ነው፣ ይሄዳል ማለት ነው። ስለ ሜፕል የሚወራው ሁሉ ስለምትቀረው አንዲት ሊትር ነው፤ ስለ ወርቃማ ቀለሟ፣ ስለ መዓዛዋ፣ በትኩስ ፓንኬክ ላይ ስለ መፍሰሷ። እኔን የያዘኝ ግን የሚሄደው ነው። የሚሄድበትን መንገድ አሳምሮ የሠራ እጅ አይቻለሁና ስለዚያ እጅ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ያ እጅ የሠራት፣ ጭማቂው የሚፈላባት ጎጆ ያለችው በሰሜን ቨርሞንት፣ ጡረታ በወጡ አንድ አናጢ ጓሮ ውስጥ ነው። ወለሏ 3 በ4 ሜትር ነው፤ ከሩቅ ላያት የዕቃ ማስቀመጫ ትመስላለች። ከዓለም የሜፕል ሽሮፕ አብዛኛው የሚመረተው በካናዳዋ ኩቤክ ሲሆን፣ ከአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ደግሞ ቨርሞንት ቀዳሚዋ ናት። ትልልቆቹ አምራቾች በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በፕላስቲክ ቱቦ አገናኝተው ጭማቂውን በፓምፕ ይስባሉ። እኒህ ሰው ግን ያላቸው በቤታቸው ዙሪያ የቆሙ ጥቂት ዛፎችና በየዛፉ ላይ የተንጠለጠለ ባልዲ ነው። በቶሮንቶና በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ወገኖቻችን በመጋቢት ከከተማ ወጣ ሲሉ በየገጠሩ ቤት ጀርባ ነጭ ነገር ሲትጎለጎል አይተው ይሆናል። ጭስ አይደለም፤ ይኸው የዛፍ ውሃ ነው።

ወቅቱ አጭር ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ቀኑ ከዜሮ በላይ ሲወጣ በዛፉ ግንድ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ በግንዱ ላይ በተሰረሰረችው ቀዳዳም ጭማቂው ይወርዳል። ይህ ከየካቲት ማብቂያ እስከ ሚያዝያ ግድም ይቆያል። ዛፉ ሊያቆጠቁጥ ሲል የጭማቂው ጣዕም ይበላሻል፣ ሥራውም ያበቃል። ጭማቂው ማደር አይወድም፤ ሳይቆይ እሳት ላይ ካልተጣደ ይበላሻል። ስለዚህ ውጪው ገና በረዶ እንደ ለበሰ፣ ቆርቆሮው እንደ ቀዘቀዘ፣ ምድጃው ይነዳል። የእንፋሎቱ ችግር በሙሉ የሚወለደው ከዚህ ነው።

ድሮ እንዲህ ያለ ችግር አልነበረም። የአቤናኪና የአኒሺናቤ ሕዝቦች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ከዚሁ ዛፍ ስኳር ያወጡ ነበር፤ ጫካ ውስጥ፣ ከሰማይ በታች ስለሚያፈሉ እንፋሎቱ የማንም ጭንቀት አልነበረም። ሰፋሪዎቹ የብረት ድስት ከአግዳሚ ግንድ ላይ አንጠልጥለው ሲያፈሉም እንዲሁ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሰፋፊና ጥልቀት የሌላቸው የብረት ትሪዎች ድስቱን እየተኩ ሲመጡ ነው። ትሪ እሳቱን በሰፊው ይቀበላል፤ ፈሳሹም ስስ ስለሆነ ቶሎ ይተናል። ነገር ግን ዝናቡም፣ በረዶውም፣ አመዱም በዚያው ልክ በሰፊው ይገባበታል። ስለዚህ ጣሪያ አስፈለገ። ጣሪያ ሲመጣ ደግሞ እንፋሎቱ ታፈነ። የስኳር ጎጆ አሠራር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህን ግጭት የማስታረቅ ሥራ ነው፤ ከላይ የሚወርደውን የሚከለክል፣ ከታች የሚነሣውን ግን የሚያሳልፍ ጣሪያ መሥራት።

የግጭቱን ክብደት ቁጥር ይናገረዋል። የአናጢው ትሪ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን የሚያህል ጠፍጣፋ ትሪ ደህና የእንጨት እሳት ካገኘ በሰዓት 30 ሊትር ገደማ ውሃ ያተናል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ 1,700 ጊዜ ያህል ይጨምራል። 30 ሊትሩ 50 ሜትር ኩብ ይሆናል ማለት ነው። የጎጆዋ ውስጥ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ 36 ሜትር ኩብ ገደማ ቢሆን ነው። በየሰዓቱ ቤቱን ሞልቶ የሚተርፍ እንፋሎት ከትሪው ይነሣል።

ይህ እንኳ ቀላሉ ስሌት ነው። ከባዱ የሚመጣው እንፋሎቱ ከክፍሉ አየር ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው ተን 17 ግራም ብቻ ነው። ከውጭ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ራሱ 4 ግራም ያህል ይዞ ይመጣል። የቀረው ቦታ 13 ግራም ነው። 30 ኪሎ ውሃ በዚህ ዓይነት አየር አሸክሞ ለማስወጣት በሰዓት ከ2,000 ሜትር ኩብ በላይ አየር በጎጆዋ ውስጥ ማሳለፍ ያስፈልጋል። በዚያ ነፋስ መካከል ቆሞ ማፍላት ቀርቶ በሩን መዝጋትም አይቻልም። እንግዲህ ምርጫው በ50 እና በ2,000 መካከል ነው። እንፋሎቱን ትኩስና ያልተቀላቀለ ሳለ ያስወጣ ሰው 50 ሜትር ኩብ ማስተናገድ ይበቃዋል። መጀመሪያ በክፍሉ እንዲበተን የፈቀደ ግን ሌላውን ይከፍላል። ብዙ ሰዎች ጎጇቸው በጉም ሲሞላ ቀዳዳ ያንሰናል ብለው ተጨማሪ መስኮት ይከፍታሉ፤ ቀዝቃዛው አየር ገብቶ ከእንፋሎቱ ጋር ሲገናኝ ጉሙ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

ይህን ነገር ሳስብ አገር ቤት አረቄ የሚያወጡ እናቶች ይመጡብኛል። እነርሱ የሚፈልጉት እንፋሎቱን ነው፣ አናጢው የሚፈልጉት የሚቀረውን፤ ዕውቀቱ ግን አንድ ነው። እንፋሎት የትም አይጠፋም። ቀዝቃዛ ነገር ባገኘበት ቦታ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። አረቄ አውጪዋ መቀበያውን ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፋለች፤ ቅዝቃዜውን የምታኖረው ራሷ በመረጠችው ቦታ ነው። በመንገድ እንዳያመልጣትም የቱቦውን መጋጠሚያ ትመርጋለች። አናጢውም ጎጇቸውን ሲሠሩ የጠየቁት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ይህ እንፋሎት የት ይቀዝቅዝ? መቀዝቀዙ አይቀርም። መንገዱ ላይ እንዳይቀዘቅዝ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ፣ የግድ በሚቀዘቅዝበት ቦታ ደግሞ ውሃውን የሚቀበል ነገር አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው ሥራው።

ጥያቄው ያልተጠየቀበት ጎጆ ወዲያው ይታወቃል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ነክቶ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው የምስማሩን ዝገት፣ የዓመቱን አቧራ፣ የሸረሪቱን ድር አጥቦ ተመልሶ ትሪው ውስጥ ይንጠባጠባል። 43 ሊትር ወደ 1 ሊትር የሚጠብበት ትሪ ቆሻሻውንም አብሮ ያከማቸዋል፤ በባልዲ ውስጥ የማይሰማ የዝገት ጣዕም በጠርሙስ ውስጥ ይሰማል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልግባ። ከትሪው ኋላ ያለው 80 ሳንቲ ሜትር በሁድ ተሸፍኗል፤ በማድ ቤት ምድጃ ላይ እንደምናውቀው ያለ፣ ከማይዝግ ስስ ላሜራ የተሠራ። የፊቱ 40 ሳንቲ ሜትር ክፍት ነው፤ ሽሮፑ የሚጨረሰው እዚያ ስለሆነ በዓይን መታየት አለበት። አብዛኛው ውሃ የሚተነው ከኋላ ነውና አብዛኛው እንፋሎት ክፍሉን ሳያይ በሁዱ በኩል ይሄዳል። የሁዱ ጎኖች ቀጥ ብለው ወጥተው ከላይ ወደ መሀል ያዘነብላሉ፤ ጠፍጣፋ ቦታ የሚባል የለውም። ይህ ለውበት ተብሎ አይደለም። በጠፍጣፋ ላሜራ ሥር የተሰበሰበ ጠብታ ሲከብድ ቀጥ ብሎ ወደ ትሪው ይወድቃል፤ በተዳፋት ላሜራ ላይ ግን ተጣብቆ ይንሸራተታል።

የሁዱ የታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዙሪያውን የምትሄድ ትንሽ አሸንዳ ሆኗል። ስፋቷ ሁለት ጣት ነው። ጎንበስ ብዬ በመብራት ባየኋት ጊዜ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግር፣ ለውሃ ግን በቂ የሆነ ዝቅታ። ማዕዘኖቹ አልተበየዱም። ላሜራው ድርብ ታጥፎ፣ ተቀጥቅጦ፣ በራሱ ላይ ተቆልፏል፤ እጥፋቱም የላይኛው ላሜራ በታችኛው ላይ እንዲወድቅ ሆኖ ነው የተመታው፣ ስለዚህ የሚወርድ ጠብታ በእጥፋቱ ላይ ያልፋል እንጂ ውስጡ አይገባም። ጠብታዋን ተከተልኳት። ላሜራው ላይ እንደ ጤዛ ትጀምራለች፣ ጎረቤቷን ትነካና ትወፍራለች፣ ከዚያ ድንገት ትፈታና እየተጣደፈች ወርዳ አሸንዳዋ ውስጥ ትገባለች። ከዝቅተኛው ማዕዘን የወጣ ቀጭን ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ውሃውን ውጪ ባለ ባልዲ ያፈሰዋል። ትኩስና የጠራ ውሃ ነው፤ ትሪውንና ማንኪያዎቹን የሚያጥቡት በእርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያከራክር ነገር አለ። ብዙዎች በሁዱ ውስጥ የመዳብ ቱቦ አጠማዝዘው ቀዝቃዛውን ጭማቂ ያሳልፉበታል፤ እንፋሎቱ ቱቦው ላይ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱን ለጭማቂው ይመልስለታል፣ እንጨትም ይቆጥባል። ጥሩ ዘዴ ነው። አናጢው ግን አላደረጉትም። ትንሽ ሁድ ውስጥ የገባ ቱቦ ማጠቢያ እጅ አያስገባም፣ በየዓመቱ በሚገባ የማላጥበውን ነገር ከምግብ በላይ አልሰቅልም አሉኝ። እኔ በዚህ ከእርሳቸው ጋር ነኝ፤ የተቆጠበው እንጨት ለአንዲት ትንሽ ትሪ ብዙ አይደለም።

ከሁዱ አናት የሚነሣው ቱቦ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከኮልሞው ትንሽ ዝቅ ብሎ ጣሪያውን ይበሳል። የቱቦው መጋጠሚያዎች ላይ ብዙ ቆየሁ። ጣሪያ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረባል፣ ዝናቡ እንዳይገባ። በዚህ ቱቦ ግን ውሃው ያለው ከውስጥ ነው። ስለዚህ ጣሪያው ሥር ያሉት መጋጠሚያዎች የተገላቢጦሽ ናቸው፤ የላይኛው ቱቦ ጫፍ ጠብቦ በታችኛው ውስጥ ይገባል፣ በውስጥ ግድግዳው የሚወርደው ጠብታም ሳያፈስ ያልፋል። ከጣሪያው በላይ ሲወጣ ግን ዝናብም እንፋሎትም አለ፤ አንዱን ሕግ ቢከተሉ በሌላው ይጎዳሉ። መፍትሔያቸው ከጣሪያው ሥር ጀምሮ እስከ አፉ ድረስ መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ቱቦ መትከል ነበር። በቱቦው መነሻ ላይ፣ ሁዱ ውስጥ፣ እንደ ቀለበት የዞረች ሌላ ጠባብ አሸንዳ አለች፤ ከቱቦው የሚመለሰውን ውሃ ተቀብላ ወደ ዋናዋ ታቀብላለች።

የዚህ ሥራ ልክ የሚታየው ከውጪ ነው። በቱቦው አፍና በነጩ ጉም መካከል መዳፍ የሚያህል ባዶ የሚመስል ቦታ አለ። እንፋሎት ራሱ አይታይም፤ የምናየው ነጭ ነገር እንፋሎቱ ከአየር ተቀላቅሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቃቅን ጠብታ ነው። ያቺ ባዶ የምትመስል ቦታ እንፋሎቱ ገና ሳይቀላቀልና ሳይቀዘቅዝ ከቤት መውጣቱን ትመሰክራለች። በሌሎች ጎጆዎች ያየሁት ነጭ ግን ከቱቦው ውስጥ ጀምሮ ነጭ ነው።

ሁዱ የማይደርስበት የትሪው የፊት ክፍል የራሱ መውጫ ያስፈልገዋል። እርሱም ኩፖላዋ ናት፤ በኮልሞው ላይ የተቀመጠች፣ የራሷ ጣሪያና የራሷ በሮች ያሏት ትንሽ መተንፈሻ። ርዝመቷ 1 ሜትር ከ20 ሲሆን በትክክል ከትሪው የፊት ክፍል በላይ ናት። አንድ ሜትር ወደ ጎን ብትሆን ኖሮ እንፋሎቱ ጣሪያውን እየላሰ ይደርስባት ነበር፤ በመንገዱም ይቀዘቅዝ ነበር።

እስከ እርሷ ድረስ ያለው ጣሪያ ደግሞ 45 ዲግሪ ያህል ተዳፋት ነው፤ ለእንዲህ ያለች ትንሽ ቤት ከልክ በላይ የቆመ ይመስላል። በተለመደው አሠራር ቆርቆሮ በአግድም በተመቱ ሙራሌዎች ላይ ይመታና ከሥሩ ባዶ ይተዋል። በስኳር ጎጆ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ጠብታው በቆርቆሮው ሥር እየወረደ አንዱ ሙራሌ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ይከብዳል፣ ይወድቃል። አናጢው ከሙራሌዎቹ ሥር ሌላ ገጽ አበጁ፤ ከኮልሞው እስከ ግድግዳው ድረስ ቁልቁል የሚሄዱ፣ በመላጊያ የለሰለሱ ጣውላዎች። አንድም አግድም ነገር የለም፣ አንድም የምስማር ጫፍ አይታይም። እንጨት እንደ ቆርቆሮ ስለማይቀዘቅዝ የሚያዘው ጠብታ ጥቂት ነው፤ የያዘውም ሳይሰናከል እስከ ግድግዳው አናት ይወርድና እዚያ ያለው አሸንዳ ይቀበለዋል። እጄን በጣውላዎቹ ላይ አሳለፍኩ፤ መጋጠሚያቸው ለጥፍር የማይሰማ ነበር።

የኩፖላዋ ሁለት በሮች ግራና ቀኝ ናቸው። ማጠፊያቸው ከታች ነው፤ ሲከፈቱ ወደ ውጭ ጋደም ብለው ጣሪያው ላይ ያርፋሉ። በመዘውር የሚያልፉት ገመዶች በሮቹን ለመዝጋት እንጂ ለመክፈት አይደሉም፤ የበሮቹ ክብደት ሁልጊዜ ወደ መከፈት ያደላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ገመድ ያረጃል አሉኝ። እሳቱ እየነደደ ገመዱ ቢበጠስ በሩ ይከፈታል እንጂ አይዘጋም። ሁለቱ ገመዶች ጎን ለጎን ወርደው ትሪው አጠገብ ታስረዋል። አንደኛው ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለው፣ ሌላው የለውም፤ ዓይን ከፈሳሹ ላይ ሳይነሳ እጅ ብቻውን የምሥራቁን በር ከምዕራቡ ይለያል።

መለየቱ ያስፈልጋል። ነፋስ ባለበት ቀን ሁለቱም በሮች አይከፈቱም። ነፋሱ ከሚመጣበት ያለው ይዘጋል፣ ጀርባውን የሰጠው ይከፈታል፤ ነፋሱ በኮልሞው ላይ ሲያልፍ ከጀርባው ያለውን አየር እየሳበ እንፋሎቱን አብሮ ይወስደዋል። ሁለቱን የከፈተ ሰው ነፋሱ በአንደኛው ገብቶ እንፋሎቱን ወደ ታች ሲመልስበት ያያል።

ከኩፖላዋ የጣሪያ ክፈፍ ሥር መሰላል ካልተወጣ የማይታይ አንድ ነገር አለ። በክፈፉ ጣውላ የታችኛው ገጽ፣ ከዳር ሁለት ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ በመጋዝ የተሳለ ቀጭን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ውሃ በጣውላ ሥር ተጣብቆ ወደ ውስጥ የመሳብ ጠባይ አለው፤ ጣሪያው ላይ የቀለጠ በረዶ በዚያ መንገድ ኩፖላዋ ውስጥ ገብቶ ትሪው ላይ ይወድቅ ነበር። ቦዩ ላይ ሲደርስ ግን መሻገር አይችልም፣ እዚያው ይንጠባጠባል፣ ያም ከግድግዳው ውጪ ነው። መጋዙ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሄደው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ማንም የማያየውን መስመር እንዲህ የሚስል እጅ ሌላውን ሁሉ ለምን እንዳሳመረው ገባኝ።

የሚወጣውን ያህል የሚገባ አየር ከሌለ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። የግድግዳው እግር ላይ፣ በሁለት ወገን፣ በተንሸራታች ጣውላ የሚጠቡና የሚሰፉ ክፍተቶች አሉ። አየሩ ከታች ቀስ ብሎ ይገባል፣ ምድጃው አጠገብ ይሞቃል፣ እንፋሎቱን ከሥር እየገፋ ወደ ኩፖላዋ ያነሣዋል። እሳቱ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው፤ ከውጪ መጥቶ በወለሉ ሥር የሚያልፍ ቱቦ አየሩን በቀጥታ ለምድጃው ያደርሳል። እሳትና እንፋሎት በአንድ አየር አይሻሙም።

ማራገቢያ ገጥሞ መገላገል አይሻልም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። በትንሽ ጎጆ ውስጥ አደገኛ ነው እላለሁ። ማራገቢያው የሚያወጣውን የሚተካ አየር ካላገኘ ከጭስ ማውጫው ይስባል፤ ወደ ላይ መሄድ የነበረበት ጭስ ወደ ቤት ይመለሳል። ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን ሕይወት የሚቀጥፈው። የኩፖላ በር ይህን አያደርግም፤ የሚሠራው ትኩስ ነገር ወደ ላይ በመውጣቱ ብቻ ነው፣ ሲጠብም ሲሰፋም ከምድጃው ጋር አይጣላም።

እንፋሎቱ ቶሎ በመውጣቱ መፍላቱ ይፈጥናል ብለው የሚያምኑ አሉ። አይፈጥንም፤ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚተን የሚወስነው እሳቱና የትሪው ስፋት ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው። በትሪው የፊት ክፍል ያለው ፈሳሽ ከሦስት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ሊደርስ ሲል ደቂቃዎች ናቸው በሽሮፕና በተቃጠለ ስኳር መካከል ያሉት። ሰውየው የሚያዩት አረፋውን ነው። መጀመሪያ ትልልቅና ግልፍተኛ የሆነው አረፋ እየከበደ፣ እየጠቆረ፣ እየደቀቀ ይመጣል። ገንፍሎ ሊወጣ ሲል አንዲት ጠብታ ቅቤ ታስተኛዋለች። ቴርሞሜትሩ በዚያ ቀን ውሃ ከሚፈላበት 4 ዲግሪ ያህል በላይ ማሳየት አለበት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚለዋወጥ ጠዋት ጠዋት ንጹሕ ውሃ አፍልተው ያስተካክሉታል። የመጨረሻው ፍርድ ግን የሰፊው ማንኪያ ነው። ቀና አድርገው ያፈሱታል፤ ከማንኪያው ጠርዝ በጠብታ ከወረደ አልደረሰም፣ ጠብታዎቹ ተጋጥመው እንደ ስስ ጨርቅ ከተንጠለጠሉ ደርሷል። ይህን በጉም ውስጥ ማየት አይቻልም። በዚያች ጎጆ ግን እሳቱ ሙሉ ሆኖ እየነደደ ከበሩ ቆሜ የማንኪያውን ጠርዝ አየሁ፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሰዓት መስተዋት እንኳ ላብ አልያዘውም።

ባለፉት ዓመታት ለጓሮ አምራቾች የሚሆኑ ትንንሽ የማጣሪያ መሣሪያዎች መጥተዋል። ጭማቂውን በግፊት በስስ ገለፈት አሳልፈው ከእሳቱ በፊት ብዙውን ውሃ ይለያሉ፤ ከመቶ 2 የነበረው ስኳር 8 ሆኖ ትሪው ላይ ይደርሳል። በ86ቱ ስሌት 43 የነበረው ወደ 11 ገደማ ይወርዳል። አናጢውም አንድ ገዝተዋል፣ በሥራውም ደስተኛ ናቸው፤ ቀድሞ እስከ እኩለ ሌሊት የሚወስደው አሁን ከእራት በፊት ያልቃል። ታዲያ ኩፖላዋን ሊያጠቧት፣ ቱቦውንም በቀጭን ሊተኩት ይችሉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መሣሪያው የቀነሰው ሰዓቱን ነው። ትሪው ያው ትሪ፣ እሳቱ ያው እሳት ስለሆነ በሚነድበት በእያንዳንዱ ሰዓት የሚነሣው እንፋሎት አሁንም ያው 50 ሜትር ኩብ ነው፤ መውጫዎቹም በነበሩበት ልክ ይቆያሉ።